የቫዮሊን ደጋን፦ ፐርናምቡኮ ወይስ ካርቦን ፋይበር?

ቫዮሊኑ ተገዛ እንበል። ክሮቹ ላይ እየተሳበ ድምፅ የሚያወጣው ደጋኑስ ከምን የተሠራ ይሁን?

ፐርናምቡኮ የብራዚል ዛፍ ነው፤ አገሪቱም ስሟን ያገኘችው ከሱ ነው። መጀመሪያ ለቀይ ማቅለሚያ ሲሉ ጨፈጨፉት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሷ ቱርት ለደጋን መረጠው። እንጨቱ ድፍንና ጠንካራ ነው። በሙቀት ሲያጎብጡት ቅርጹን ይዞ ይቀራል፤ ሲጫኑት ግን እንደ ሞላ ይመለሳል። ለደጋን የሚሆነው ቀዩ የውስጥ ግንድ ብቻ ነው። ሲጠረብም አብዛኛው ፍቅፋቂ ሆኖ ይቀራል።

ዋጋ፦ ጥሩ ባለሙያ የሠራው ፐርናምቡኮ ኪስ ያራቁታል። ለተማሪ የሚሆን የካርቦን ፋይበር (ከቀጫጭን የካርቦን ክሮችና ከሙጫ የሚሠራ ቁስ) ደጋን በጣም ባነሰ ዋጋ ይገኛል።

አያያዝ፦ እንጨቱ በአየር ለውጥ ሊጣመም፣ ከወደቀም ጫፉ ሊሰበር ይችላል። ካርቦን ቻይ ነው።

ድምፅ፦ ብዙ ሙዚቀኞች ለእንጨቱ ያደላሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም።

ስጋት፦ ዛፉ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሳይተስ፣ ማለትም ለመጥፋት የሚያሰጉ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ቁጥጥር ሥር ነው። በሕገወጥ መንገድ የተቆረጠም ገበያ ይገባል። ሻጩን እንጨቱ በሕጋዊ መንገድ መምጣቱን የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቁ፤ ካቅማማ ይተዉት።

ለጀማሪ፣ ብዙ ለሚጓዝና ደጅ ለሚጫወት ካርቦን ይበቃል፤ እንዲያውም ይሻላል። ኦርኬስትራ ውስጥ የሚጫወት ባለሙያ ግን እንጨቱን ቢፈልግ አይፈረድበትም። ብቻ ከአዲስ ይልቅ ሰነድ ያለው፣ ያገለገለ ደጋን ቢያፈላልግ ጥሩ ነው፤ ለሱ ሲባል ሌላ ዛፍ አይቆረጥም።