ለሰኩለንት ቆረጣ የአትክልት መቀስ፣ ምላጭ ወይስ የጫማ ሰፊ ክር?

ድሬ ላይ በረንዳው ላይ ሰኩለንት (ውሃ የሚያጠራቅም ወፍራም ቅጠል ያለው ተክል) ያሰለፈ ወዳጄ ሁሉ ውሎ አድሮ ይደውልልኛል። «ኢቼቬሪያዬ (ቅጠሉ እንደ አበባ የሚደረደረው ሰኩለንት) አንገቱ ተመዘዘብኝ፤ ራሱን ቆርጬ ልተክለው ነው፣ የቱን መቀስ ልግዛ?» መልሴ አንድ ነው፦ መቀሱን ተወውና ምላጭ ግዛ። አብዛኛው ሰው የምቀልድ ስለሚመስለው ምክንያቱን ከነዋጋው ልጻፈው።

ቀይ እጀታ ያለውን የአትክልት መቀስ ሰሞኑን ታይዋን ገበያ ስጠይቅ 850 ብር አሉኝ፤ ተከራክሬ 700 ወረደ። ከፊራ አካባቢ ያው መቀስ በያው ካርቶን 1,100 ነው፤ ክርክርም የለም። ባለ ሁለት አፍ ምላጭ አምስቱ 60 ብር ነው፣ አንዱ 12 መሆኑ ነው። ከነወረቀቱ በቁመቱ ሲሰበር ሁለት መቁረጫ ስለሚወጣው አንዱ 6 ብር በሉት። ስለዚህ በአንድ መቀስ ዋጋ ከመቶ በላይ ስለት ይገዛል። የጫማ ሰፊ ናይለን ክር ደግሞ አንድ ክንድ ቢበቃም፣ 10 ብር የሰጡት ሊስትሮ መርቆ ይሸኛል። የአልኮሉን ዋጋ አልቆጠርኩም፤ በየትኛውም ብትቆርጡ ያስፈልጋል።

ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የሰኩለንት ግንድ ውሃ የቋጠረ ለስላሳ ነገር ነው። መቀስ ከመቁረጡ በፊት ይጨምቃል፤ የተጨመቀው ሥጋ ደግሞ መጀመሪያ የሚበሰብሰው እሱ ነው። በተለይ አንዱ አፉ ስለት፣ ሌላው ጠፍጣፋ መደገፊያ የሆነውን ዓይነት በነፃም ቢሰጧችሁ አትቀበሉ፤ ለደረቅ ቅርንጫፍ የተሠራ ነው። የግድ መቀስ ካላችሁ ሁለቱ አፎች ጎን ለጎን የሚተላለፉበትን ምረጡ። ያም ቢሆን ውፍረቱ ተጠጋግተው በተደረደሩት ቅጠሎች መሐል አያስገባውም፤ ቦታ ለመክፈት ብላችሁ ጤነኛ ቅጠል ትነቅላላችሁ። የምላጭ ውፍረት አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለት ቅጠል መሐል ገብቶ በአንድ ስበት ይጨርሳል።

ደግሞ ፎርጅዱ አለ። አንዲት ጎረቤቴ «ኦሪጅናል ነው፣ ዕድሜ ልክ» ተብላ 1,400 ብር ከፈለች። ጥቂት እንደቆረጠች ሞላው ፈንጥሮ ጠፋ። የአፉ ነጭ ቅብ ተላጠና ከሥሩ ቡናማ ብረት ወጣ። ቢላ የሚስለው ሰውዬ 80 ብር ተቀብሎ ሞረደላት፤ ሳምንት ሳይሞላው ደነዘዘ፣ ብረቱ ለስላሳ ነዋ። መሐሉ ደግሞ ተመትቶ የተዘጋ እንጂ ቡሎን ስላልነበረው ሲላላ የሚያጠብቀው አልተገኘም። አሁን የልብስ መስጫ ገመድ ይቆረጥበታል። የግድ የምትገዙ ከሆነ ቡሎኑ በመፍቻ የሚፈታ መሆኑን እዩ፤ ከዚያ ገጥማችሁ ወደ ፀሐይ አንሱት፣ በአፎቹ መሐል ብርሃን ካለፈ መልሱት። ሶፍትም ቁረጡበት፤ ካኘከው ተዉት። ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ።

ክሩ የሚያሸንፈው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ግንዳቸው ጨርሶ የማይታይ፣ መሬት ላይ የተለጠፉ እንደ ሃዎርቲያ ያሉት ላይ። በሁለት ረድፍ ቅጠል መሐል ታዞሩታላችሁ፣ ጫፎቹን ታጠላልፋላችሁ፣ ግራና ቀኝ ትስባላችሁ። እዚያ ምላጭም ጣት ይቆርጣል።

ቆረጣው ራሱ ደቂቃ አይፈጅም። ምላጩን በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉ፤ በረኪና ብረቱን ያዝገዋል። ከራሱ፣ ማለትም ላዩ ላይ ከተደረደረው ቅጠል፣ በታች ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ግንድ ይትረፍ። ስትይዙ ግንዱን እንጂ ቅጠሉን አትንኩ፤ ኢቼቬሪያ ላይ ያለው ነጭ ዱቄት መሳይ ሰም ከቅጠሉ አንዴ ከተነሳ አይመለስም፣ የአውራ ጣታችሁ ምልክት ቅጠሉ እስኪረግፍ ከእናንተ ጋር ይኖራል።

ሰው የሚያበላሸው ከቆረጠ በኋላ ነው። የተቆረጠውን ራስ ያው ዕለት ተክሎ ውሃ ያጠጣዋል፣ ከዚያ «መቀሱ ነው የገደለው» ይላል። ቁስሉ እስኪጠግግ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ አስቀምጡት። ድሬ ላይ ሦስት አራት ቀን ይበቃል። ሐረር ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ቀዝቀዝ ስለምትል እዚያ ያላችሁ ሳምንት ጠብቁ፣ በክረምት ደግሞ ከዚያም በላይ። ቁስሉን በጣት ስትነኩት ደረቅና ጠጣር ከሆነ ታጥቦ የደረቀ የወንዝ አሸዋ በበዛበት አፈር ላይ አስቀምጡት። ሥር እስኪያወጣ ሁለት ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴ ወር ይፈጃል፤ እስከዚያ ውሃ አይፈልግም፣ የሚኖረው ቅጠሉ ውስጥ ባጠራቀመው ነው። በኋላ ስታጠጡም አፈሩን እንጂ ራሱን አታርሱ፤ የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋግረውን ነጭ ነገር ቅጠሉም ላይ ይጋግረዋል።

ግንቦትና ሰኔ አትቁረጡ። ኢቼቬሪያ በብዛት የሜክሲኮ ደጋ ተክል ነው፤ ሙቀቱ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እድገቱን ያቆማል፣ ኤኦኒየም የሚባለው ሰኩለንትማ ጭራሽ ይተኛል። እኔ ኅዳርና ታኅሣሥን እመርጣለሁ።

መቀሱ የሚገባው ግቢው ውስጥ ቡጌንቪል ላለው፣ ወይም ግንዱ እንጨት የሆነ አሮጌ ኤኦኒየም ላለው ነው። የእሬት የደረቀ የአበባ ዘንግም በሱ ይቀላል። ለበረንዳ ሰኩለንት ብቻ ብሎ 700 ብር ማውጣት ግን አይታየኝም።

ማሰሮው ውስጥ የቀረውን ጉቶ ደግሞ አትጣሉት። ጥቂት ቅጠል ተዉለት፣ ብርሃን ያግኝ፣ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ አጠጡት፤ በሳምንታት ውስጥ ከጎኑ ልጆች ያወጣል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲሞሉ በዚያው ምላጭ ይነሳሉ። ችግኝ ሻጮች አንዷን ልጅ በትንሽ ፕላስቲክ አድርገው 150 ብር ነው የሚሏት።