«የዕድሜ ልክ ፎቶሾፕ» ለሚሏችሁ ገንዘባችሁን እንዳትሰጡ

ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ ያላችሁ፣ ይህን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። በተለይ የቤተሰብ ፎቶ ላፕቶፕ ላይ ያጠራቀማችሁ ሰዎች።

ባለፈው ጥቅምት ላፕቶፔን ፎርማት ላስደርግ እዚሁ ደብረ ብርሃን አንድ ሱቅ ገባሁ። የሱቁን ስም አልጠራም። ልጁ ሥራውን ሲጨርስ «ጋሼ፣ የፎቶ ማስተካከያ ሙሉ ፓኬጅ ልጫንልዎት?» አለኝ። «ፎቶሾፑም ላይትሩሙም አለ። የድሮ ፎቶ የሚያድስም አለው። አንዴ ከከፈሉ የዕድሜ ልክ ነው።» 3,500 ብር ጠራ። ተከራክሬ በ3,000 ጨረስን። ርካሽ መስሎኝ ነበር።

እንዲህ ዓይነት ነገር ስፈልግ ከርሜያለሁ። እናቴ የምትኖረው መሐል ሜዳ ነው። ከእናቷ፣ ከአያቴ ማለት ነው፣ የቀራት አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ከመዳፍ ያንሳል። አያቴ በርኖስ ደርባ ቆማለች። ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አለ። አንገቷ ላይ ደግሞ ሦስት ረድፍ ንቅሳት ዞሮ ይታያል። ፎቶው ለዓመታት ታጥፎ ስለኖረ የእጥፋቱ መስመር ከአገጯ ሥር አቋርጦ ያልፋል። ለጥምቀት አሳድጌና አሳምሬ በፍሬም ላመጣላት ቃል ገብቼ ነበር።

ቤት ገባሁና ፎቶውን ከላፕቶፑ ላይ አውጥቼ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባሁት። አንዲት ቁልፍ ተጫንኩ። ብዙም ሳይቆይ ጥርት ያለ ፊት ብቅ አለ። እጥፋቱ ጠፍቷል፣ ጭረቱ ጠፍቷል፣ ዓይኖቿ ያበራሉ። በጣም ደስ አለኝ። አሳተምኩት፣ ፍሬም አስገባሁት፣ ከጣርማበር ወደ መንዝ በሚታጠፈው መንገድ ጭኔ ላይ አድርጌው ሄድኩ።

እናቴ ፍሬሙን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ብዙ አየችው። ከዚያ በአውራ ጣቷ መስታወቱን አንገቱ ላይ ዳበሰችው።

«ንቅሳቷስ?» አለችኝ።

ምን ልበላት?

«ልጄ፣ ይቺ ማን ናት?»

ዋናውን ፎቶ ከሳጥን አውጥተን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። የአንገቱ ንቅሳት የለም። የግንባሩ መስቀል የለም። የከሳው ጉንጯ ሞልቷል፣ አፍንጫዋ ቀጥኗል። በርኖሱ ብቻ እንደነበረ ነው። ፍሬሙ ውስጥ ያለችው አንዲት የማናውቃት ቆንጆ ሴት ናት።

ይህ ለምን እንደሚሆን ተመልሼ ጠየቅኩ፣ አነበብኩ። «ፊት አዳሽ» የሚባሉት ፕሮግራሞች የደበዘዘውን ፊት አጽድተው አያወጡም። በሺህ የሚቆጠሩ የሌሎች ሰዎችን ፊት አይተው የተማሩ ናቸው። ያልታያቸውን ቦታ «እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ የሚኖረው እንዲህ ያለ ነው» ብለው ራሳቸው ይሞሉታል። የተማሩባቸው ፊቶች ውስጥ የመንዝ ባልቴት ከነንቅሳቷ ከሌለች፣ ንቅሳቱ ለፕሮግራሙ ቆሻሻ ወይም ጭረት ነው። ስለዚህ ያጠፋዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፐልስ የሚባል እንዲህ ያለ ፕሮግራም ለሕዝብ አውጥተው ነበር። ሰዎች የባራክ ኦባማን የደበዘዘ ፎቶ ሲሰጡት ጥርት ያለ የነጭ ሰው ፊት አወጣ። ነገሩ ያኔ ብዙ አነጋገረ። የእኔ አያት ላይ የደረሰውም ያው ነው።

ለሰርግ ፎቶ ዳራ፣ ለመልክዓ ምድር፣ ለልብስ እነዚህ ፕሮግራሞች ደህና ይሠራሉ። አንድ ኮፒ ብቻ የቀረው የሞተ ሰው ፊት ላይ ግን አታስጠጓቸው። የፊቷን ምልክት የሚያስታውስ ሰው በሕይወት ከሌለ ስህተቱን የሚይዘው አይኖርም። እናቴ ባትኖር ኖሮ ልጆቼ ያቺን ሴት ቅድመ አያታችን ናት ብለው ያድጉ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይከፋኛል።

አሁን ወደ «ዕድሜ ልኩ» ልመለስ።

መጋቢት ላይ ላፕቶፑን ስከፍት ፎቶሾፑ ፈቃድ የለህም የሚል መልእክት አወጣና አልሠራም አለ። ወደ ሱቁ ሄድኩ። «አዎ ጋሼ፣ አልፎ አልፎ መታደስ አለበት። 1,200 ብር ነው» አለኝ። የዕድሜ ልክ ብለኸኝ ነበር እኮ ስለው «የዕድሜ ልክ ማለት እኮ እስከሚሠራ ድረስ ነው» አለ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለኝ።

እዚህ ላይ ሁላችሁም ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። አዶቢ የተባለው የፎቶሾፕ ባለቤት ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ አዲሶቹን የፎቶሾፕ ስሪቶች በአንድ ጊዜ ክፍያ መሸጥ ትቶ በደንበኝነት ብቻ ማከራየት ጀምሯል። ለቤት ተጠቃሚ የተሠራው ፎቶሾፕ ኤለመንትስ ለብቻው በአንድ ክፍያ ሲሸጥ ቆይቷል፤ እሱም ከ2025ቱ ስሪት ጀምሮ ፈቃዱ ለሦስት ዓመት ብቻ ሆኗል። ስለዚህ ማንም ሰው አዲሱን ፎቶሾፕ «የዕድሜ ልክ» ብሎ ሊሸጥላችሁ አይችልም። እሱ የሚሸጥላችሁ ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ያለ ፈቃድ እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረውን ነው። ክራኩ እንዲሠራ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንቲቫይረሱን ያጠፉታል። ልጁ ሲጭንልኝ አንቲቫይረሱን ሲያጠፋው አይቻለሁ። «ያስቸግራል ነው እንጂ ምንም አይደለም» አለኝ። እኔም አመንኩት።

የካቲት ላይ የልጄን የልደት ፎቶ ለማሳተም ፍላሼን ይዤ አንድ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ሰውየው ፍላሹን ሰካና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። «ወንድሜ፣ ይሄ ፍላሽ ቫይረስ አለው፣ ማሽኔን እንዳታበላሽብኝ» ብሎ ነቅሎ ሰጠኝ። ሰው ተሰልፎ እያየ ነው። ፎቶዎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አልነበረም፤ አንድ የማውቀው ልጅ አወጣልኝ። ዕድለኛ ነበርኩ። ስቶፕ የሚባል ፋይል ቆላፊ ቫይረስ አለ፤ በዓለም ዙሪያ በብዛት የሚሰራጨው በእነዚህ ክራኮች በኩል ነው። ፎቶውንም ሰነዱንም ቆልፎ ለመክፈቻው ዶላር ይጠይቃል። እሱ ቢይዘኝ የአሥራ አምስት ዓመት ፎቶ አብሮ ይሄድ ነበር።

ታዲያ ምን እንጠቀም ትሉኝ ይሆናል። ከዚህ ወዲህ የሞከርኳቸውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን ራሳችሁን ጠይቁ። ፎቶ ላይ የምታደርጉት ምንድን ነው? እኔ መቁረጥ፣ የዘመመውን ማቅናት፣ የጨለመውን ማብራት፣ ነጠብጣብ ማጥፋትና መጠን መቀነስ ነው። ከዚህ ያለፈ ሠርቼ አላውቅም። ለዚህ ፎቶሾፕ መጫን ዳቦ ለመግዛት አይሱዙ እንደማስነሳት ነው። ፎቶሾፕ ኃይለኛ ነው፤ ባለሙያ ያለ እሱ አይሆንለትም። ግን አዲሶቹ ስሪቶች ቢያንስ 8 ጂቢ ራም ይፈልጋሉ። የእኔ ላፕቶፕ 4 ነው ያለው። ፕሮግራሙ እስኪከፈት ቡና ይፈላል። ሱቁ ይህን እያወቀ ነው የጫነልኝ።

ስልክ ላይ ከሆነ ስናፕሲድ ይበቃችኋል። የጎግል ነው፣ ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። ነጠብጣብ ማጥፊያው ለትንሽ ጭረት በጣም ጥሩ ነው። ሰፊ ቀዳዳ ወይም ረጅም እጥፋት ሲሆን ግን ያጨማልቃል። በጣት ስለሆነ ደግሞ ጥቃቅን ሥራ ዓይን ያደክማል።

ኮምፒውተር ላይ ያለ ምንም ክፍያ፣ ያለ ምንም ክራክ የማገኘው ጂምፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች የጀመሩት ነው፤ እስከ ዛሬ በነጻ ይታደላል። አሮጌ ማሽን ላይም ይሄዳል። አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት አይጠይቅም። ድክመቱን አልደብቃችሁም፤ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። ሜኑው ብዙ ነው፣ የምትፈልጉት ነገር የት እንደተሸጎጠ ለማግኘት ጊዜ ይፈጃል። አንድ ሳምንት ታገሱት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 የወጣው ሦስተኛው ስሪት ትልቅ መሻሻል አለው፤ ማጣሪያ ከተጠቀማችሁ በኋላ ተመልሳችሁ መቀየር ወይም ማንሳት ትችላላችሁ። በድሮው ስሪት ይህ አልነበረም።

ፔይንት ዶት ኔት ለዊንዶውስ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ለመቁረጥና ለማብራት እሱ ይበልጥብኛል። ፎቶፒያ የሚባለው ደግሞ በብራውዘር ይከፈታል፣ የፎቶሾፕ ፋይል ያነባል፣ ፎቶውም ከማሽናችሁ አይወጣም፤ ግን ማስታወቂያ አለው፣ ለመክፈትም ኔትወርክ ይፈልጋል። ፒካሳን እስከ ዛሬ የምትጠቀሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ እኔም እወደው ነበር። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2016 ትቶታል፤ ስለዚህ አዲስ ማሽን ስትቀይሩ አትመኩበት።

የስልክ አፖችንም ሳልነካ አላልፍም። «ሦስት ቀን ነጻ» ብለው ካርድ የሚጠይቁ የፎቶ አፖች አሉ። ከሦስት ቀን በኋላ በየሳምንቱ ይቆርጣሉ። ውጭ ያለ ዘመድ ካርድ ስልካችሁ ላይ ካለ ገንዘቡ የሚሄደው ከእሱ ኪስ ነው። አፑን ከስልክ ማጥፋት ደንበኝነቱን አያቋርጠውም። ፕሌይ ስቶር ውስጥ ገብታችሁ ራሱን ደንበኝነቱን መሰረዝ አለባችሁ። ሕጋዊውን ፎቶሾፕ በዘመድ ካርድ ለመከራየት ያሰባችሁም ውሉን አንብቡት። በየወሩ የሚከፈለው አንዱ አማራጭ ውሉ የዓመት ነው። በመሐል ሲያቋርጡ መውጫ ያስከፍላል፤ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይህ ክፍያ ለደንበኛ በግልጽ አልተነገረም ብሎ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2024 አዶቢን ከሷል።

የአያቴን ፎቶ እንደገና ሠራሁት። ዋናው ፎቶ እናቴ ሳጥን ውስጥ ነበረና ተበድሬ ደብረ ብርሃን አመጣሁት፣ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ማለት ነው) ስካን አስደረግኩት። ያንን ፋይል አልነካሁም፤ ኮፒ አድርጌ በኮፒው ላይ ሠራሁ። ይህን ልማድ አድርጉት። ጄፔግ ፋይል እያስተካከላችሁ በላዩ ላይ ሴቭ ባደረጋችሁ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል፣ የድሮውም አይመለስም። በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር አድርጎ በደንብ ለማሳተም ወደ 1,200 በ1,800 ፒክስል ያስፈልጋል።

ሥራው ሦስት ማታ ፈጀብኝ። በጂምፕ ክሎን መሣሪያ እጥፋቱን በጥቂት በጥቂቱ፣ ከጎኑ ያለውን ቆዳ እየቀዳሁ ሸፈንኩት። መብራት ይጠፋል ብዬ በየአሥር ደቂቃው ሴቭ አደርጋለሁ። እጥፋቱ ንቅሳቱን ሲያቋርጥ ቆም አልኩና ለእናቴ ደወልኩ። ሦስተኛው ረድፍ ዙሪያውን የገጠመ ነው ወይስ ክፍት? «ከፊት ክፍት ነው» አለችኝ። ክፍት ተውኩት። ጭረቶቹ ሙሉ በሙሉ አልጠፉም፣ የግራ ዓይኗም ትንሽ እንደደበዘዘ ነው። እናቴ አሁን ፍሬሙን ሰቅላዋለች።

እንዲህ ያለ «የዕድሜ ልክ» ፓኬጅ የጫናችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ይህን አድርጉ። መጀመሪያ ፎቶዎቻችሁን ብቻ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጡና ነቅላችሁ አስቀምጡ። ቀጥሎ ፓኬጁን አራግፉ። ከዚያ ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ክፈቱ፣ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን ውስጥ ግቡ፣ ማኔጅ ሴቲንግስን ተጫኑ። የጠፋውን ጥበቃ አብሩት። እዚያ ብቻ አታቁሙ፤ ወደ ታች ውረዱና ኤክስክሉዥንስ የሚለውን ዝርዝር እዩ። እዚያ የተጻፈ ማንኛውም ቦታ በአንቲቫይረሱ አይፈተሽም። እናንተ ያላስገባችሁት ነገር ካለ አውጡት፣ ከዚያ ሙሉ ፍተሻ አስኪዱ። ፎቶ ያለበትን ሃርድ ዲስክም ማሽኑ ከጸዳ በኋላ መልሳችሁ ሰክታችሁ ፈትሹት።

የእኔ ላፕቶፕ ላይ ያ ዝርዝር ውስጥ የነበረው መላው ሲ ድራይቭ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት።