46 ሰው፣ 31 በርጩማ፦ የአጋሮ መንገዱ ሪትሪታችን

ከጅማ ወጥታችሁ የአጋሮን መንገድ ስትይዙ፣ ቡና ውስጥ ገባ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አለ። የምወቅሰው ነገር ስላለ ስሙን አልጠራም። ኅዳር ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች 46 ሆነን ለሪትሪት፣ ማለትም አብሮ አድሮ ለመማርና ለመጸለይ፣ ከአርብ ማታ እስከ እሁድ ከሰዓት እዚያ ቆየን። ገንዘብ ያዥ እኔ ነበርኩ፤ ደረሰኙ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ለምን እንደሄድን ልንገራችሁ። ቤተ ክርስቲያናችን እሁድ እሁድ ሁለት ፕሮግራም አላት። የአፋን ኦሮሞው ጠዋት 2 ሰዓት ይጀምራል፣ የአማርኛው 4 ሰዓት ተኩል። እነሱ ሲወጡ እኛ እንገባለን። በር ላይ «ሰላም ናችሁ?» «ጌታ ይመስገን»፤ በቃ። መልካቸውን ለዓመታት የማውቃቸው፣ ስማቸውን ግን የማላውቃቸው ሰዎች አሉ። ሽማግሌዎቹን ይሄ ነገር ከነከናቸው። ባለፈው ዓመት ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አብረን ጎብኝተን ነበር። አስጎብኚው «ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ገዙ» ሲለን ሁላችንም ጭንቅላታችንን ነቀነቅን፤ ፎቶ ተነሣን፤ ማን ከማን ጋር እንደመጣ ሳናውቅ ተመለስን። ዘንድሮ እንደር ተባለ።

ከአዳራሹ ልጀምር፤ የባሰው እሱ ነውና። አግዳሚ ወንበሮቹ ወለሉ ላይ በብሎን ታስረዋል። ሁሉም ወደ መድረክ ነው የሚያዩት። ማንም ሳያዘን እነሱ በግራ፣ እኛ በቀኝ ተቀመጥን። መምህሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ አስተርጓሚው ይደግመዋል። የ40 ደቂቃው ትምህርት ሰዓት ከሩብ ወሰደ። ድምፅ ማጉያውም ያፏጫል። ከፊቴ የተቀመጡ እናት አንቀላፉ፤ አልፈርድባቸውም። ወጣቶቹ መተዋወቂያ ይሆናል ብለው ኳስ እየተወራወሩ ስም የመጥራት ጨዋታ አዘጋጅተው ነበር። ኳሱ ወንበር ሥር ገብቶ ቀረ።

መኝታው ደህና ነው። አንሶላው ንጹሕ ነው፤ ብርድ ልብሱ ግን ስስ ነው፤ የጅማን የኅዳር ሌሊት አይችልም። ሽንት ቤቱ ለዚያ ሁሉ ሰው አራት ብቻ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሰልፉን ብታዩ የዘይት ሰልፍ ይመስላችኋል።

ወጥ ቤቱ ግን ሌላ ነው። ዋናዋ ወጥ ሠሪ ሙስሊም እናት ናቸው። ገና ስደውል ነገሩን በግልጽ አስቀመጡት፦ «ልጄ፣ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ እንቁላሉን እኔ እሠራላችኋለሁ። ሥጋ ከፈለጋችሁ በጋችሁንም፣ ቢላችሁንም፣ ድስታችሁንም ይዛችሁ ኑ። ማገዶውና ውኃው ከኔ።» በስልክ እንዲህ ቁልጭ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም። ሁለት በግ ይዘን ሄድን፤ የኛ ወንዶች አረዱ፤ ከጓሮ በኩል ሌላ ምድጃ ተሰጠን። እሳቸው ከራሳቸው ምድጃ ሆነው «እሳቱን ቀንሱ እንጂ፣ ሊያርርባችሁ ነው!» እያሉ ይቆጡናል። ቃል በቃል አምኜ እላለሁ፣ ከሥጋችን ይልቅ የሳቸው ሽሮ ቀድሞ አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የግቢው ባለቤት ቡና ያደርቃሉ። ከአዳራሹ ጀርባ በሽቦ ወንፊት የተሠሩ ረጃጅም የማድረቂያ አልጋዎች አሉ፤ ወገብ ድረስ ይደርሳሉ። ወቅቱ የለቀማ ስለነበር ቀይ እሸት ቡና ተሰጥቶባቸዋል። ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ አንድ የኦሮምኛው ፕሮግራም አባት፣ የጎማ ወረዳ ሰው ናቸው፣ ወደ አልጋው ጠጋ ብለው አዩና ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይኼ ከነጥሬው ተሰጥቶ ጀንፈል ሊሆን ነው?» አሉ፤ ጀንፈል ከነገለባው የደረቀ ቡና ነው። አረንጓዴውን እየመረጡ ማውጣት ጀመሩ። ከኛ ወገን ቡና ነጋዴ የሆነ ወንድም አላስቻለውም፤ ከማዶ ቆሞ እሱም ለቀማውን ተያያዘው። ሦስተኛ መጣ፣ አራተኛ መጣ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግማሻችን አልጋዎቹን ግራና ቀኝ ይዘን ነበር።

አልጋው ጠባብ ስለሆነ ከፊትህ ያለው ሰው ክንድህ ሊደርስበት በሚችል ርቀት ላይ ነው። እጅ ሥራ ስላለው አፍ ይፈታል። በምን ቋንቋ ነው ያወራነው ብትሉኝ አላስታውስም፤ ግማሽ በግማሽ። አዳራሽ ውስጥ አስተርጓሚ የቆመልን ሰዎች እኮ መርካቶ ሄደን በርበሬ ስንገዛ አስተርጓሚ ፈልገን አናውቅም። ከፊቴ የቆመችው እህት ከቤቴ ሁለት በር አልፋ እንደምትኖር ያወቅኩት እዚያ ነው። ባለቤቷ ሲታመም ማታ ባጃጅ አጥታ እንደነበርም ነገረችኝ። የኔ ወንድም ባጃጅ ነጂ ነው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ ቡና ለቀምኩ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የነበረን ትምህርት ቀረ። መምህሩም እጅጌውን ሰብስቦ ሲለቅም ነበር፤ ደግሞ አያውቅበትም፣ ቀዩን ሁሉ ያወጣዋል።

ከሰዓት በኋላ ወደ አዳራሹ የሚመለስ ሰው ጠፋ። ወጥ ሠሪዋ ሾላው ሥር ቡና አቀራረቡ፤ የጎማው አባት የሳቸውን በጨው ጠየቁ። ልጆቹ ከመጋዘን የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አወጡ። እያንዳንዱ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ሦስት እግር ስለሆነ ወጣ ገባ መሬት ላይ አይወዛወዝም፤ በአንድ እጅ አንስታችሁ ወደፈለጋችሁት ሰው ትጠጋላችሁ። አዳራሽ ያሠራው ሰው እነዚህን በርጩማዎች እያየ ወንበር በብሎን ማሰሩ ይገርመኛል። የጸሎት ርዕስ የተለዋወጥነው እዚያው ነው። እሁድ ጠዋትም ያመለክነው እዚያው ነው፤ አንድ መዝሙር በሁለት ቋንቋ፣ ዜማው እየተጣረሰ።

ቅሬታዬ ሒሳቡ ላይ ነው። በስልክ የተስማማነው ለአንድ ሰው ሁለት ሌሊት ከነምግቡ 1,800 ብር ነበር። ልንወጣ ስንል «የጄኔሬተር» ተብሎ 3,000 ብር ተጨመረ። መብራት የጠፋው ቅዳሜ ማታ ለአንድ ሰዓት ነው፤ እሱንም በሻማ ነው ያሳለፍነው። ተከራክሬ 1,500 አስቀነስኩ። ቡናቸውን ለቅመንላቸው እንደነበረም ሳላነሣ አልቀረሁም። እናንተ ከሄዳችሁ ሁሉንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ኮሚቴው ለመጪው ኅዳር እዚያው እንያዝ ብሏል፤ እኔም ተስማምቻለሁ። አዳራሹን አንከራይም። ብርድ ልብስ ከቤት እንይዛለን። በርጩማው ግን 31 ብቻ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። የቀሩት ሣር ላይ ነው የተቀመጡት፤ ሣሩ ደግሞ እስከ ረፋድ ጤዛ አለው። ስለዚህ አሥራ አምስት በርጩማ ከየቤታችን።