ዳማ ጓደኛ ያገኘበት ጋጣ

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ፈረስ የምታሳድሩበት ቦታ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ስምንት ወር ስለተጠቀምኩበት ጋጣ ልንገራችሁ። ከሚድልበርግ ወደ አፐርቪል ስትሄዱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። አፐርቪል ከ1853 ጀምሮ የፈረስ ትርኢት የሚካሄድበት መንደር ነው። ጋጣ በየአቅጣጫው ሞልቷል። እኔ ግን እዚህ እስክደርስ ብዙ ተንከራትቻለሁ።

ዳማ የ11 ዓመት ሰንጋ ፈረስ ነው። ልጄ መሰናክል ዝላይ ትወዳደርበታለች። መጀመሪያ ያሳደርነው ሌላ ቦታ ነበር። ቦታው ያምራል፣ ወለሉ ያብረቀርቃል። ዳማ ግን ከ24ቱ ሰዓት 23ቱን ክፍሉ ውስጥ ይቆማል። «የውድድር ፈረስ ነው፣ መስክ ከወጣ ሌላ ፈረስ ይረግጠዋል፣ ፀጉሩንም ፀሐይ ያደበዝዘዋል» አሉን። ሦስት ወር ሳይሞላ በሩ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ። ድርቆሹንም ይተወዋል። ሐኪሟ ጨጓራውን በካሜራ አይታ ቁስለት አገኘችበት። የፈረስ ጨጓራ ቢበላም ባይበላም አሲድ ማመንጨቱን አያቆምም። ቀኑን ሙሉ ሲግጥ ምራቁ ያበርድለታል። በቀን ሁለቴ ብቻ ሲበላ ግን አሲዱ ባዶ ጨጓራውን ያቃጥለዋል።

እኔ ያደግኩት እንጅባራ ነው። አባቴ ጥር 23 ለጊዮርጊስ ፈረሱን ሸልሞ ይወጣ ነበር። ግልቢያው ሲያበቃ ኮርቻው ይወርዳል፣ ፈረሱም ከሌሎቹ ጋር መስክ ይለቀቃል። ዳማ እንዲያ ሲወዛወዝ ሳይ ሆዴ ተላወሰ።

የአዲሱ ጋጣ ባለቤት ስለ ዋንጫው አልጠየቀችኝም። «ከዚህ በፊት ከማን ጋር ነው የኖረው?» ነው ያለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዳማን ወዲያው ከሌላ ፈረስ ጋር አልቀላቀለችውም። አምስት ቀን ከአንዲት አምባላይ ባዝራ ጎን፣ አጥር መሀል አድርጋ አቆየችው። ተሻተቱ፣ አሽካኩ። ቢራገጡ እንዳይጎዳዱ የኋላ እግር ብረታቸው ወለቀና በስድስተኛው ቀን በሩ ተከፈተ። ጋለቡ፣ ባዝራዋ አንዴ ተራገጠች፣ ከዚያ ጎን ለጎን ሣር መጋጥ ያዙ። በሳምንቱ አንዱ የሌላውን ጋማ ሥር በጥርሱ ሲያክ አየሁ።

አንድ ጠዋት ዳማ መሬት ላይ ተዘርሮ አገኘሁት። የሞተ መስሎኝ ሮጥኩ። ተኝቶ ነው! ባዝራዋ አጠገቡ ቆማ ትጠብቀዋለች። ፈረስ ቆሞም ያንቀላፋል፤ የጠለቀ እንቅልፍ የሚወስደው ግን ሲተኛ ነው። የሚጠብቀው ከሌለ ደግሞ አምኖ አይተኛም። ለስንት ጊዜ እንቅልፍ እንዳላገኘ ሳስብ አለቀስኩ።

ሌላው የወደድኩት ጥንቃቄያቸው ነው። ለሁለት ፈረስ ሦስት ቦታ ድርቆሽ ያስቀምጣሉ፣ እንዳይጣሉ። በጸደይ ለጋው ሣር እግር ስለሚያሳምም የመጀመሪያ ቀን የሚለቁት ለ20 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጨምራሉ።

የማልወደውም አለ። ዝናብ ሲበዛ ሳይደውሉ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ያውሏቸዋል። የመስኩ በር አካባቢ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ወሩ 1,200 ዶላር ሆኖ ሳለ ብርድ ልብስ ለማልበስ ለብቻ ማስከፈላቸውም አይዋጥልኝም። ከአሌክሳንድሪያ አንድ ሰዓት ይነዳል።

ውድድሩስ ለሚለኝ፦ በ2012 ለንደን፣ በ2016 ደግሞ ሪዮ ላይ ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘውን ቫሌግሮ የተባለ ፈረስ ያሠለጠነው ካርል ሄስተር፣ ፈረሶቹን መስክ በመልቀቅ የታወቀ ሰው ነው። ዳማም ቁስሉ ድኗል። መወዛወዙ ቀርቷል፤ የሚመለስበት ባዝራዋን ለብቻዋ ሲወስዱበት ብቻ ነው። ለዚህም ባለፈው ውድድር ባለቤቷ ባዝራዋን አብራ ጫነችለት፣ ተጨማሪ ሳታስከፍለኝ። መንገዱን ሙሉ ድርቆሹን ሲያላምጥ ሄደ።