ኮሳ ወይስ ናርሶል?

አሜሪካ ውስጥ በወሲብ ወንጀል ተፈርዶበት ሬጅስትሪ (መንግሥት የወሲብ ወንጀለኞችን የሚመዘግብበት ዝርዝር) ላይ የገባ ዘመድ ያለው ሰው የትኛው ይሻላል ይላል፣ ግን ኮሳ (CoSA) ከእስር የወጣን ሰው የሚደግፍና የሚከታተል የበጎ ፈቃደኞች ቡድን፣ ናርሶል (NARSOL) ደግሞ ተሟጋች ድርጅት ስለሆነ ሥራቸው ለየቅል ነው።

አሠራር፦
ኮሳ፦ በ1994 ካናዳ ሃሚልተን የተጀመረ ነው። ከ4 እስከ 6 የሚሆኑ በጎ ፈቃደኞች ከእስር የወጣ አንድ ሰው ይይዙና በየጊዜው ቁጭ ብለው ሥራስ፣ ቤትስ፣ ማታ ማታስ ከማን ጋር ነህ ይሉታል፣ ማባበል ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ወደ ድሮው ካዘነበለ ፊት ለፊት ነው የሚነግሩት።
ናርሶል፦ የሬጅስትሪ ህግ እንዲለወጥ ይሟገታል፣ ለቤተሰብም መረጃ ይሰጣል።

ማግኘት፦
ኮሳ፦ ሁሉም ስቴት የለም፣ ሚኒሶታና ቨርሞንት ግን ሠርተውበታል።
ናርሶል፦ ኢንተርኔት ይበቃል።

ሪስክ፦
ኮሳ፦ አደጋ ከታያቸው ሚስጥር አይደብቁም (ልክም ናቸው፣ ተጎጂ እንዳይጨመር ነው)።
ናርሶል፦ ጠበቃ አይተካም። ለምሳሌ በፌደራሉ ህግ ሬጅስትሪ ላይ ያለ ሰው ከሀገር ለመውጣት 21 ቀን ቀድሞ ማሳወቅ አለበት፣ አዲስ አበባ ለቅሶ ደግሞ 21 ቀን አይጠብቅም፣ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ጠበቃ ጋ መደወል ነው።

ገና ወጥቶ ብቻውን ለሆነ ሰው ኮሳ፣ የቤተክርስቲያን ሰው እንዳይሰማ ብላ ነገሩን አፍና ለያዘች እናት ናርሶል።