የሶሮሪቲ ቤት ይሻላል ወይስ ዶርም?

አሜሪካ ኮሌጅ ገብተሽ ሶሮሪቲ (የሴት ተማሪዎች የእህትነት ማኅበር) ከተቀላቀልሽ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ይህ ጥያቄ አይቀርልሽም።

ዶርም ቀላል ነው። ክፍል ይሰጥሻል፣ ከክፍል ጓደኛሽ ጋር ካልተስማማሽ ዓመቱ ሲያልቅ ትለያያላችሁ።

የሶሮሪቲ ቤት ሌላ ዓለም ነው። በርካታ ሴቶች አንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። ብዙዎቹ ቤቶች ምግብ አብሳይና «የቤት እናት» የሚሏት ትልቅ ሴት አሏቸው። ማታ ከላይብረሪ ደክሞሽ ስትገቢ ስምሽን የሚጠራ ሰው አለ። ኩሽና ውስጥ እራትሽ ተሸፍኖ ይጠብቅሻል። ከእናቷ ርቃ ለምትማር ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው!

ግን ከኪራዩ ሌላ የአባልነት መዋጮ አለ። ስብሰባው ብዙ ነው፣ ብቻሽን የምትሆኚበት ጥግ ማግኘት ይከብዳል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ አባላቱ ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲኖሩበት ያስገድዳል። ውሉን በደንብ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ።

ለነገሩ እህትነት የግድ ቤት አይፈልግም። በ1908 እ.ኤ.አ. በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር ሴቶች የተመሠረተው አልፋ ካፓ አልፋ የተባለው ሶሮሪቲ አባልነቱ የዕድሜ ልክ ነው፤ አብዛኞቹ ቅርንጫፎቹ ግን መኖሪያ ቤት የላቸውም።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ዶርም ኑሪ። የሶሮሪቲውን ልጆች ቀስ ብለሽ እወቂያቸው። ከተመቹሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ግቢ።