የዕለት ክፍያ ወይስ ምግብና መኝታ ያለው የወር ደመወዝ?

ደብረ ማርቆስ ላይ ማደሪያ የሌለው ሠራተኛ የሚያማርጠው በየቀኑ የሚከፈል የግንባታ ሥራንና ምግብና መኝታ ያለውን የምግብ ቤት ሥራ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚመለከት የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም ለግል ድርጅቶች የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ፣ የሁለቱም ሥራዎች ክፍያ በድርድር ይወሰናል።

የቀን ሥራ፦ ብሩ ሲመሽ እጅ ይገባል፤ ክረምት ሲገባ ግን ሥራው ይቀዘቅዛል፣ የአልጋ ኪራዩ አይቀርም።

የወር ሥራ፦ ከዝናብ ያስጥላል። ሆኖም ወንበሮች ተነሥተው በሚነጠፍ ፍራሽ ላይ የሚያድር ሰው ሌሊት በር ሲንኳኳ ስለሚነሣ፣ በሕግ በቀን ከ8 ሰዓት እንዳይበልጥ የተወሰነው መደበኛ የሥራ ሰዓት ይዘነጋል። በዓይነት ማለትም በምግብና በመኝታ መልክ የሚሰጠው ክፍያም በጥሬ ገንዘብ ከሚከፈለው ከ30 በመቶ መብለጥ የለበትምና፣ «አስተኝቼሃለሁ» ብሎ ደመወዙን መሸራረፍ በደል ነው።

ለታመመ ወይም በሐምሌ ለመጣ ሰው መኝታው ይሻላል፤ በበጋ ለመጣ ጤነኛ ግን የቀኑ ሥራ ያዋጣል።